ልጄ ያልዋጠችው መድኃኒት

በ2014 ዓ.ም. በጋ፣ ጥር ሊያልቅ ሲል፣ ልጄ ጭሮ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን መድረክ ላይ ቆማ «ድኛለሁ» አለች። አልዳነችም ነበር። ከእሷ በፊት «ድነሻል» ያልኳት እኔ ነኝ።

ይህን የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ልጄ በሕይወት አለች፤ ጌታ ይመስገን። ይህን ሳልል አንድም ቀን ከአልጋዬ አልወርድም። ግን ምስጋናዬ ውስጥ የሚመረኝ ነገር አለ። እሱን ትቼ ምስጋናውን ብቻ ብጽፍ፣ ሌላ ውሸት ይሆንብኛል።

ያኔ ልጄ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። አባቷ ካረፈ ቆይቷል፤ የምንኖረው ሁለታችን ነን። እኔ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ፣ ብዙ አልናገርም። እሷ ግን ሰው ፊት ስትቆም የምታበራ ልጅ ነበረች። ከመዘምራኑ መካከል ብቻዋን የምትዘምረው እሷ ነበረች። የገናንና የፋሲካን ድራማ የምትጽፈውም እሷ ናት። ተጫዋች ሲጎድል የሁለት ሰው ቦታ ይዛ ትጫወታለች። በአማርኛ የጻፈችውን በሳምንቱ በኦሮምኛ ታዘጋጀዋለች፤ ቀልዱ በሁለቱም ያስቃል። አጫጭር ታሪኮችም ነበሯት። በደብተር ጽፋ ወጣት ማዕከል ሄዳ ታነብባቸዋለች፤ ለእኔ ግን አታነብልኝም። «አንቺ ፊደሉን ነው የምታርሚው» ትለኛለች።

ሳሉ የጀመራት መስከረም ላይ ነው። ጥቅምት ላይ ልብሷ ሰፋባት። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ አክታዋ ተመረመረ፤ የሳንባ ነቀርሳ ነው አሉን። የቲቢ ክፍሏ ነርስ ቀጠን ያለች፣ ድምፅዋን የማታነሣ ሴት ናት።

«ስድስት ወር ነው» አለችን። «አንድ ቀን አይዘለልም። ከሁለት ወር በኋላ ደህና ትሆኛለሽ። ያኔ ነው የምፈራልሽ። ሰው ዳንኩ ብሎ የሚተወው ያኔ ነው።»

ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎ ዐይንዎ እያየ ያስውጧት። ከዋጠች በኋላ በዚህ ካርድ ላይ የዕለቱን ሳጥን ምልክት ያድርጉበት። መዝገብ ቤት አይደል የሚሠሩት? ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም።»

እንዲህ በመባሌ ደስ አለኝ። ካርዱን በላስቲክ ጠቅልዬ ያዝኩት።

ሦስት ወር በትክክል ዋጠች። መጀመሪያ ላይ ያስታውካት ነበር፤ ሽንቷ እንደ ሚሪንዳ ሆኖ ስታይ ደንግጣ ጠራችኝ። ቀስ በቀስ ሳሉ ጠፋ። ጉንጯ ተመለሰ። ገና ላይ ዘመረች። በየሳምንቱ የሚጸልዩላት የቤተ ክርስቲያናችን መጋቢ መዝሙሩ እንዳለቀ ወደ እኔ መጥተው፣ «እህቴ፣ ይህ የምስክርነት ጊዜ ነው» አሉኝ።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን የተለመደ ነገር አለ። ተፈውሻለሁ ብሎ የሚመሰክር ሰው፣ ሲመሰክር መድኃኒቱን መድረኩ ጠርዝ ላይ ያኖረዋል። ክራንች ያኖረ አለ። መርፌውን ያኖረ የስኳር በሽተኛም አይቻለሁ፤ እሱ ዛሬ የለም። አኑሩ ብሎ የሚያዝ የለም። ግን መስክረህ መድኃኒቱን ቤትህ ካስቀመጥክ፣ «ግማሹን ለጌታ፣ ግማሹን ለጤና ጣቢያ» ብለው ይስቁብሃል። እኔም ከሳቁት አንዷ ነበርኩ።

ቁርስ ላይ ነገርኳት።

«እማዬ፣ ሲስተር ስድስት ወር ብላለች» አለችኝ።

«ሳሉ አለ?»

«የለም።»

«ማን አጠፋው?»

ዳቦዋን አስቀመጠች። «ክኒኑም ሊሆን ይችላል።»

«ሊሆን ይችላል ብለሽ ነው መድረክ ላይ የምትቆሚው?»

ሻይዋን ጠጥታ ተነሣች። በክርክር እንደረታኋት ተሰማኝ። ኋላ ግን ስንነጋገር ያን ቀን እንዳልረታኋት ነግራኛለች። መድረኩን ነው የፈለገችው። «ጌታን ሳይሆን ጭብጨባውን ነው ያመንኩት» አለችኝ። ይህን ያለችው እኔን ለማጽናናት ይመስለኛል። አላጽናናኝም።

ምስክርነቱን ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብላ እንደ ድራማ ጻፈችው። የት እንደምትቆም፣ የት ድምፅዋን እንደምትቀንስ ምልክት አድርጋለች። እሑድ ስትቆም በመጀመሪያ ሳለች። እንደ ታመመችበት ጊዜ፣ ከሆድ ተነሥቶ ደረት ላይ የሚቆረጠውን ሳል ሳለችው። ከዚያ ቀና ብላ በረጅሙ ተነፈሰችና፣ በዚያው ትንፋሽ መዘመር ጀመረች። ሽማግሌዎች አለቀሱ። ስልክ ያለው ሁሉ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጽ ነበር። መድኃኒቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ የሰጠኋት እኔ ነኝ። መድረኩ ጠርዝ ላይ አኖረችው።

ቪዲዮው ከእኛ ቀድሞ ሄደ። በአካባቢያችን ካሉ ከተሞች ሂርና ጠሩን። ሚኤሶ ጠሩን። ቦኬም በገበያ ቀን ሄድን። በየሄድንበት ያንኑ ሳል ትስላለች፣ ያንኑ ትንፋሽ ትተነፍሳለች፤ በየሄድንበት ሰው እየተነሣ መድኃኒቱን ያኖራል። ሚኤሶ ላይ ሙቀቱ ከባድ ነበር፤ የከባድ መኪናው አቧራ በጉባኤው ድንኳን ሸራ ሥር ይገባል። ከመድረክ ወርዳ ከሸራው ጀርባ ስትስል ሰማኋት። ይህ የድራማው ሳል አልነበረም።

«አቧራው ነው» አለችኝ።

«አቧራው ነው» አልኳት።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ለማንም ሳልናገር ሁለት ዓመት ኖርኩ። መድኃኒት መውሰዱን ብናቆም፣ የጤና ባለሙያ ቤታችን ድረስ መጥታ ጎረቤት ፊት ትጠይቀኛለች ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ በቀጠሮው ቀን እየሄድኩ መድኃኒቱን መቀበሌን ቀጠልኩ። ቤት አምጥቼ ሽንት ቤት እጥለዋለሁ። ካርዱ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። በመጀመሪያ በየቀኑ ነበር። በኋላ እጄ ለመደና የሳምንቱን በአንድ ጊዜ ማድረግ ጀመርኩ። የመጨረሻውን አክታ አምጡ ሲሉን «ሳል ከጠፋ ቆየ፤ አክታ የላትም» አልኩ። ሚያዝያ ላይ ነርሷ ካርዱን አገላብጣ፣ «አንድም ቀን አልተዘለለም። ሁሉም ታማሚ እንደ እርስዎ ያለች እናት በኖረችው» አለችኝ። መዝገቡ ላይ «ሕክምናዋን ጨርሳለች» ብላ ጻፈች። ጌታ ይባርክሽ አልኳትና ወጣሁ።

ሐምሌ ላይ ደም ተፋች።

ጤና ጣቢያ ስንመለስ ነርሷ፣ «የዘለላችሁት ቀን ነበር?» አለችኝ። «አልነበረም» አልኳት። ካርዱን አንሥታ አየችው። መስኮቱ አጠገብ ወስዳ ደግማ አየችው። «እነዚህ ሃያ ምናምን ቀናት በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ አያያዝ ነው የተደረጉት» አለች፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም። ለልጄ የአክታ መያዣ ሰጠቻት። አክታው በማሽን ታየ። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ነው ተባለ፤ የፊተኛው መድኃኒት ከእንግዲህ አይሠራም። እውነቱን ብናገር ኖሮ ሐኪሞቹ ቶሎ ይረዱት ነበር። መድኃኒቱ እየተዋጠ ለምን እንዳልሠራ ሲመረምሩ ስንት ቀን አለፈ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

ወደ ሌላ ከተማ ሆስፒታል ላኳት። ከሌሎች ተለይተው በሚታከሙ ታማሚዎች ክፍል ተኛች። ከበሩ ውጭ ጭንብል አድርጌ አያታለሁ። የስድስት ወሩ መድኃኒት የአንድ ዓመት ተኩል ሆነ። መድኃኒቱ ፊቷን አጠቆረው፤ ቀስ በቀስ እስከ አንገቷ ወረደ። እግሯ ደነዘዘ፤ ጫማዋ ሲወልቅ አታውቅም። ለእረፍት ቤት በመጣች ጊዜ አንዲት ጎረቤታችን በአጥር በኩል አየቻትና፣ «ምነው፣ ሚኤሶ ከብት ስትጠብቂ ከረምሽ እንዴ?» አለቻት።

«ግመል» አለቻት ልጄ። «ከብቱ አልቋል።»

ጎረቤታችን ሳቀች። እሷም ሳቀች። ቤት ገብታ መስተዋቱን ከግድግዳው አወረደችው።

ሆስፒታል ሳለች አጠገቧ የተኛችው የሂርና ሴት ነበረች። አትክልት ነጋዴ ናት፤ ሁለት ልጆች አሏት። በመጀመሪያው ሳምንት ልጄን ትኩር ብላ አይታ፣ «አንቺ ያቺ ዘማሪዋ አይደለሽም?» አለቻት። ልጄ ናት የነገረችኝ።

«ነኝ።»

«ሂርና ስትመጪ ፊት ለፊት ነበርኩ። አንቺን አይቼ ነው ያኖርኩት።»

ቁጣ አልነበረባትም፤ እንዲሁ፣ የጋራ ዘመድ እንዳገኘ ሰው ነበር የነገረቻት። ከዚያ በኋላ ብርቱካን ስትልጥ ሁልጊዜ ግማሹን ለልጄ ትሰጣት ነበር። ኅዳር ላይ ሞተች። አልጋዋን አንጥፈው ሌላ ሰው አስተኙበት። ልጄ ያን ቀን ደብተር አምጪልኝ አለችኝ።

የጻፈችው አጭር ድራማ ነው፤ ሌላ ተጫዋች ባይኖር ብቻዋን እንድትጫወተው አድርጋ ነው የጻፈችው። እናትና ልጅ ናቸው ያሉበት። ወደ ሰው የማታስተላልፍበት ደረጃ ከደረሰች በኋላ፣ ገና መድኃኒቱን ሳትጨርስ፣ ከጤና ባለሙያዎች ጋር መዞር ጀመረች። መዝፈንም መዘመርም አትችልም፤ ከአንድ ስንኝ በላይ ትንፋሽ የላትም። ስለዚህ ትናገራለች። ሂርና፣ ሚኤሶ፣ ቦኬ። በምስክርነቱ ያዞርኳት መንገድ ነው፤ በቅደም ተከተል መርጣ ሄደችበት። «የት የት እንዳበላሸሁ አውቃለሁ» አለችኝ።

አንድ ቅዳሜ ሳልነግራት ቦኬ ገበያ ተከትያት ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ጫቱን ይዞ ስለሚቀመጥ፣ ከረፋዱ ነው የምትጀምረው። ከማሽላ ሻጮቹ ጀርባ ቆምኩ። በኦሮምኛ ነበር የምትጫወተው። ልጅቷን ስትሆን እንደ ወትሮዋ ናት። እናትየዋን ስትሆን ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች፣ ቦርሳዋን በብብቷ ሥር ከተተች፣ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አወረደች። እኔ ነበርኩ። በእርጋታ ክኒኑን ጣለች፤ በእርጋታ ካርዱ ላይ ምልክት አደረገች፤ ቀና ብላም «ጌታ ይመስገን» አለች። ገበያው በሳቅ ፈረሰ።

አንድ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ፣ «ይቺ ናት ታምማ የነበረችው? ከእኔ ሚስት ትጠነክራለች» አሉ። አጠገባቸው ያለው ሰውዬ፣ «ሚስትዎን ያስመርምሩ» አላቸው። እንደገና ተሳቀ።

ካርዱን እንዴት እንዳወቀች አላውቅም። ነግሬያት አላውቅም ነበር።

አጠገቤ የቆመች ሴት ዐይኗን በሳቅ ጠርጋ፣ «እንዲህ ያለች እናት እንኳ የለችም። ልጅቷ ፈጥራ ነው» አለችኝ።

«አለች» አልኳት።

«ታውቂያታለሽ?»

«አውቃታለሁ።»

«ምን ትሠራለች?»

«መዝገብ ቤት።»

ሴትየዋ አሁንም ሳቀች፤ ቀልድ መስሏት ነው።

ጨርሳ ስትወጣ ከማሽላ ሻጮቹ ጀርባ አየችኝ፤ ስንመለስ አንድ መኪና ውስጥ ተቀመጥን። በመጨረሻ፣ «ይቅር በይኝ» አልኳት። በመስኮት ወደ ውጭ እያየች ነበር።

«እማዬ፣ እኔን አትጠይቂኝ» አለችኝ። «እኔ ጋ አልቋል። ድኛለሁ ያልኩባቸው ሰዎች ግን አላለቀላቸውም። እኔ ብናገር ከእምነት የወጣች ነው የሚሉኝ። አንቺን ግን ያምኑሻል።»

እውነቷን ነው። ቤተ ክርስቲያን ከመዘምራን አውጥተዋታል። ምስክርነቷን ስለ ካደች ሕመሙ ተመለሰባት ይላሉ። ነገሩ የሆነው በተገላቢጦሽ እንደ ነበር የማውቅ እኔ፣ በየእሑዱ ሦስተኛው ረድፍ ላይ እቀመጥ ነበር። «ለልጅሽ እየጸለይን ነው» ሲሉኝ፣ «ተባረኩ» እል ነበር። ልጄ ስሟ ሲነሣ የእናቷን አፍ ጠበቀች። አልከፈትኩትም።

በ2016 በልግ፣ ሐሙስ ቀን፣ የሴቶች ጸሎት ላይ አንዲት እህት ተነሥታ ባሏ በመጪው እሑድ እንደሚመሰክር ነገረችን። ባሏን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከጭሮ ሂርና ሚኒባስ የሚነዳው ነው። እንደ ልጄ ቲቢ ይዞት፣ ሦስት ወር ውጦ፣ ሳሉ ጠፍቶለታል። ሦስት ወር ይቀረዋል።

«የእርስዎን ልጅ ቪዲዮ ደጋግሞ አይቶታል» አለችኝ፤ ደስ እንዲለኝ ብላ ነው። «የመጀመሪያውን፣ ሳትክድ በፊት ያለውን።»

መስኮቱ ተዘግቶ አሥራ አራት ሰው የሚጫንበትን መኪና አሰብኩ። በቀን ስንት ጊዜ እንደሚመላለስም አሰብኩ።

«እሑድ መድኃኒቱን ያኖራል?» አልኳት።

«ታዲያ ሌላ ምን ያኖራል?» አለችኝ።

ዓርብ መጋቢውን ቢሯቸው ሄጄ አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ካርዱንም ጭምር። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። ባሌ ሲሞት ሦስት ሌሊት ከቤታችን ያልተለዩ ሰው ናቸው።

«እህቴ፣ የእርስዎ ጥፋት ከልብ ንስሐ ከገቡበት ተሰርዟል» አሉኝ። «ምስክርነቱ ግን የጌታ ነው። እርስዎ መልሰው ሊወስዱት አይችሉም።»

«ሾፌሩ መድኃኒቱን ይተዋል።»

«እምነቱ የእሱ ነው።»

«ልጄንም እምነቷ ነው ብለን ነበር።»

የእሑዱን መርሐ ግብር ከመሳቢያቸው አወጡ። «ሁለት ደቂቃ» አሉኝ። «ከእሱ በፊት። በአጭሩ።»

እሑድ ማይኩን ያዝኩ። የምለውን አልጻፍኩትም ነበር።

«ልጄ እዚህ ቆማ ድኛለሁ ስትል አልዳነችም ነበር» አልኩ።

«አሜን» አሉ።

ትንሽ ቆምኩ። የሚናገር ሰው ፋታ ሲወስድ አሜን ማለት ልማዳችን ነው።

«መድኃኒቱን እንድትተው ያደረግኋት እኔ ነኝ።»

«አሜን።»

«ሳትውጥ ካርዱ ላይ ዋጠች ብዬ ምልክት አድርጌአለሁ። ሐኪም ሲጠይቀኝ ዋሽቻለሁ። የልጄ ሳንባ የተበላው በእኔ ነው።»

«አሜን» አሉ፤ ከኋላ በኩል አንዲት ሴት «ሃሌ ሉያ» አለች።

«በሕይወት ያቆማት ጌታ ነው፤ በሆስፒታል መድኃኒት አቆማት። መድኃኒት ያላችሁ እዚህ አታኑሩት። ዋጡት።»

እዚህ ላይ አሜን ያለው ሰው ቁጥር አነሰ። መጋቢው ቀስ ብለው ማይኩን ከእጄ ተቀበሉኝ፤ ክንዴን በእጃቸው ያዙ። «ጌታ እህታችንን ከምን ያህል ጥልቅ ነገር እንዳወጣ ሰማችሁ» አሉ። «ልጇንም በሕይወት አቆመላት። ለጌታ እናጨብጭብ።»

አጨበጨቡ። ከልባቸው ነበር። ከመድረክ ስወርድ ሦስት ሴቶች አቀፉኝ፤ አንዷ «እንዴት ያለ ድንቅ ምስክርነት ነው» አለችኝ።

ሾፌሩ ተጠራ። ሲያልፍ አየኝ። ሸሚዙ ተተኩሷል፤ ፀጉሩን ተቆርጧል። ንግግር አይችልም፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናገረ። ከደረት ኪሱ መድኃኒቱን አውጥቶ መድረኩ ጠርዝ ላይ አኖረው። ሚስቱ ፊት ለፊት ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። እኔን ግን አላየችኝም፤ እስኪያልቅ ድረስ አላየችኝም።

ቤት ስገባ ልጄ ቆማ ጠበቀችኝ። እሷ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ካቆመች ቆይታለች።

«ተናገርሽ?» አለችኝ።

«ተናገርኩ።»

«ምን አሉሽ?»

«አሜን አሉኝ።»

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ሳቅ ጀመራት፤ ትንፋሽ አጥሯት ወንበር እስክትይዝ ሳቀች። «ሁሉንም?» አለች። «ካርዱንም?»

«ካርዱንም። ከዚያ አጨበጨቡልኝ።»

ሳቋን አቆመች። ውኃ ጠጣች። «እሱስ?» አለችኝ።

«አኖረው።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። እኔም ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ለምን እንዳልጮህኩ፣ ለምን ከእጁ እንዳልቀማሁት አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር። ተነሥታ፣ «ነጠላሽን አውልቂ፣ ምሳ ላቅርብልሽ» አለችኝ።

ያቀረበችልኝን በላሁ። ጌታን አመሰገንኩ። ለምን እንዳመሰገንኩት በትክክል አላውቅም። ልጄ እግሯ ሥር የወለቀውን ጫማ በዐይኗ ፈልጋ በእጇ ስታጠልቅ እያየሁ ነበር።

በማግስቱ ሰኞ ቢሮ አልገባሁም። መናኸሪያ ሄድኩ። የሂርና ተራ ላይ የእሱ ሚኒባስ ፊተኛ ነበር። ጋቢና ገብቼ ከጎኑ ተቀመጥኩ።

«እትዬ፣ ሂርና ነዎት?» አለኝ።

«አንተ የምትሄድበት ነኝ።»

ወደ ኋላ አየት አደረገና ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ እንደ ማለት እጁን ዘረጋ። እኔ ድምፄን ከፍ አላደረግሁም፤ ሕመሙን ሰው ፊት ላነሣበትም አልመጣሁም።

«ትናንት የተናገሩትን ሰምቻለሁ» አለኝ በቀስታ። «እኔ ግን መስክሬአለሁ። ሕዝብ ፊት ነው የመሰከርኩት።»

«ሰምቼሃለሁ።»

«ታዲያ ምን ይሁን ነው የሚሉት?»

«ጤና ጣቢያው በሁለት ሰዓት ተኩል ይከፈታል።»

መሪውን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። ከኋላ አንዱ፣ «ሾፌር፣ ሞልቷል እኮ፤ እንሂድ እንጂ» አለ። ሌላው፣ «ከእናትየው ጋር ሽምግልና ይዟል፤ ታገሡት» አለው። ሞተሩን አስነሣ።

ሂርና ደረስን። ሰዉ ሁሉ ወረደ፤ እኔ አልወረድኩም። የሚመለሰው ተሳፋሪ ገባ። ጭሮ ደርሰን ያም ወረደ። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ሙሉ ቀን እንዲህ ሊሆኑ ነው?» አለኝ።

«ነገም» አልኩትና ከመቀመጫዬ አልተነሣሁም።